የነከሰ ውሻ አይገደልም

ርዕሱን ስታዩ «ይቺ ሴትዮ ከሰው ልጅ ውሻ በለጠባት» የምትሉ ትኖራላችሁ። በሰፈራችን ስብሰባ ላይ በዚሁ ቃል ተብያለሁ። ስለዚህ ከልጁ ልጀምር።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ አባርቶ ልጆች ኳስ ይዘው ወጡ። ሰፈራችን ኮተቤ ጫፍ ላይ ወንዙን ተከትሎ የተሠራ ነው፤ መንገዱ ኮብልስቶን፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ ከየበሩ ጀርባ ውሻ። አንዱ ግቢ መኪና ለማስወጣት በሩን ሲከፍት ውሻው ሾልኮ ወጣና የጎረቤቴን የሰባት ዓመት ልጅ ባቱን ያዘው። ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ እናቱ አቅፋው ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላለች። አንዷ ጎረቤት ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት ነስንሳበታለች፤ ሌላዋ በነጠላዋ ጫፍ ጥፍር አድርጋ ልታስረው ነው።

«እንዳታስሪው!» ብዬ ልጁን ወስጄ ወደ ግቢዬ ገባሁ። ያን ቀን ቧንቧው ጠፍቶ ነበር፤ በጀሪካን ያጠራቀምነውን ውኃ ልጄ እያፈሰሰች እኔ በልብስ ሳሙና አጠብኩት። ቡናው ተጠርጎ ሲሄድ አራት የጥርስ ምልክት ታየ፤ ሁለቱ ጥልቅ ናቸው። ስልኬ ላይ 15 ደቂቃ ሞላሁ። የሚያለቅስ ልጅ እግር ይዞ 15 ደቂቃ ማጠብ በጣም ይረዝማል። እናቱ «በቃ ጠርቷል እኮ» ትለኛለች፣ እኔ «ገና ስድስት ደቂቃ ነው» እላታለሁ። ግን ሐኪም ጋ ከመድረሱ በፊት ለተነከሰ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር ልናደርግለት አንችልም። ሳሙናና ውኃ ቁስሉ ውስጥ የገባውን ምራቅ ያጥባል፤ ቡና ግን ቁስሉን ይደፍነዋል።

እኛ ስናጥብ የሰፈሩ ወጣቶች ዱላና ድንጋይ ይዘው ወደዚያ ግቢ ሄደዋል። በመናደዳቸው አልፈርድባቸውም፤ የያዙትም ደንብ ነበራቸው። እኔ የነዋሪዎች ኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆንኩ ደንቡን በእጄ ነው የጻፍኩት። የቀድሞዎቹ ያወጡትን ስገለብጥ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ሳልነካው አልፌ ነበር፦ «ሰው የነከሰ ውሻ ወዲያውኑ ይወገዳል፤ ባለቤቱም ይቀጣል።» ስጽፈው ልክ መስሎኝ ነበር።

ወጣቶቹ ሲደርሱ ግቢው ውስጥ ውሻ የለም። ባለቤቱ በዚያው በተከፈተው በር፣ በዚያው መኪና ጭኖት ወጥቷል። አንዳንዱ ሰበታ ዘመድ ጋ አደረሰው አለ፣ አንዳንዱ መንገድ ላይ ጣለው አለ። ማታ ኮሚቴው ሲጠራው «የእኔ አይደለም፣ የሰፈር ውሻ ነው፣ በሩ ሲከፈት ገብቶ ነው የወጣው» አለ። ውሻውን ሦስት ዓመት ሙሉ በስሙ ስንጠራው የኖርን ሰዎች ፊት።

ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ቁስሉ አልነበረም። «ውሻው የት ነው? ታስሯል?» አለች። እናትየዋ እኔን አየችኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ይህን ጥያቄ ግን ከዚያ በፊት ሰምቼው አውቃለሁ።

በ1978 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ወፍጮ ቤት ተልኬ ስመለስ ውሻ ቀኝ እጄን ነከሰኝ። ሰዎች ተሯሩጠው እዚያው ዓይኔ እያየ በዱላ ገደሉት። ጭንቅላቱን ነበር የመቱት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ተበቀሉልኝ። በማግስቱ አባቴ ይዞኝ ሲሄድ ድሬሰሩ «ውሻው አለ?» ብሎ ጠየቀ። «ገደልነው» አለ አባቴ፣ በኩራት። «ጭንቅላቱስ?» አባቴ ዝም አለ። የእብድ ውሻ በሽታ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው የውሻው አንጎል ሲመረመር ነው፤ እኛ አንጎሉን በዱላ አድቅቀን ሬሳውን ገደል ጥለነዋል። ስለዚህ ማንም «ይቺ ልጅ አያሰጋትም» ሊለኝ የሚችል አልነበረም። አባቴ 130 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ አዲስ አበባ አምጥቶኝ ጉለሌ አክስቴ ቤት አስቀመጠኝና ፓስተር ወደሚባለው የጤና ተቋም ለክትባት መመላለስ ጀመርን።

14 መርፌ፣ በየቀኑ አንድ፣ ሆድ ላይ። የዕድሜ እኩዮቼ ታስታውሱታላችሁ። እምብርቴን ዙሪያውን እንደ ሰዓት ቁጥር እየዞረ ነበር የሚወጋው፤ ነርሷ የትናንቱን እብጠት በጣቷ ትዳስስና ከሱ ራቅ ትላለች። በስምንተኛው ቀን ጎኔን ብዞር የሚመች አጥቼ በጀርባዬ ብቻ ነበር የምተኛው። ያ ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1984 ጀምሮ አገሮች እንዲተዉት ሲመክር ቆይቷል፤ አሁን ክንድ ላይ የሚሰጠው በጣም የተሻለ ነው። ግን እኔን ያኔ ያተረፈኝ፣ ከተረፍኩበት፣ እሱ ነው፤ አላማርርም። የማማርረው ምናልባት ጭራሽ ሳልወጋው መቅረት እችል እንደነበር ሳስብ ነው። ወይም አራት አምስቱን ወስጄ «በቃሽ፣ ውሻው ደህና ነው» እባል እንደነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በውሻው ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ውሻው ሊታመም ሲቃረብና ከታመመ በኋላ ነው፤ ከታመመ ደግሞ በቀናት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ የነከሰው ውሻ ታስሮ፣ እየበላና እየጠጣ 10 ቀን በጤና ከቆየ፣ በነከሰበት ቀን ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ክትባቱን በዕለቱ ይጀምራል፣ 10 ቀን አይጠብቅም፤ ውሻው ደህና መሆኑ ሲታወቅ ግን የቀረውን ያቆማል። ውሻው በነዚህ ቀናት ውስጥ ከታመመም ይታወቃል፣ ሕክምናውም ሳይቋረጥ ይቀጥላል። የታሰረው ውሻ መልስ አለው። የሞተው፣ ጭንቅላቱ የደቀቀው ወይም በመኪና የጠፋው ውሻ መልሱን ይዞ ነው የሚሄደው።

በዚህ በሽታ ደግሞ ሳያውቁ መቆየት አደገኛ ነው። ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ፣ ውኃ መዋጥ ካቃተውና ነፋስ ሲነካው መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ሐኪም የሚያደርግለት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ብዙውን ጊዜ ከንክሻው ሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው የሚነሳው፤ ቁስሉ ድኖ፣ ሰው ከረሳው በኋላ። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞትበት ይገመታል፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ የተነከሱ።

የጎረቤቴ ልጅ አምስቱንም መርፌ ወሰደ፦ በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው። ሁለተኛው ሲደርስ ክትባቱ እዚያ አልቆ በግል ፋርማሲ እየዞርን ነው ያገኘነው። እናቱ ጠበልም አጠጣችው፣ መርፌውንም አላስቀረችበትም፤ እግዚአብሔር ይስጣት፣ አንዱን መርጠው ሌላውን የሚተዉ አሉና። 28 ቀን ሙሉ ግን ልጁ ባሳለ ቁጥር፣ ውኃ ትን ባለው ቁጥር፣ ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ስብሰባ የተጠራው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። የእድሩ አዳራሽ እስከ በሩ ሞልቶ ነበር። ወጣቶቹ ባለቤት ያለውም የሌለውም ውሻ እንዲጠፋ ፈለጉ። ከዓመታት በፊት እንደሆነው ሌሊት በመርዝ የተለወሰ ሥጋ ይጣል ያለም ነበር። ያን ጊዜ ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ መንገዱ ላይ ያየነውን አስታወስኳቸው፤ ካርድ ያለው፣ የተከተበ፣ አንገቱ ላይ ቀበቶ ያለው የእማማ ውሻ ሳይቀር ቱቦው ዳር ደርቆ ተገኝቶ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ሰፈሩ እንደገና በውሻ ሞላ፤ የሥጋ ቤቱ አጥንት እስካለ ቦታው ባዶ አይቀርም። የመጡትም ማንም የማያውቃቸው፣ አንድም ያልተከተበ ነው። ዘበኛችን ከኋላ ተነስተው «ውሾቹን ካጠፋችሁ ጅቡን ማን ይመልስላችኋል? ወንዙን ይዞ እስከዚህ በር ድረስ ነው የሚመጣው» አሉ። እሳቸው ሌሊቱን ስለሚያውቁት ሰው ዝም ብሎ ሰማቸው።

ሐጂ ሌላ ነገር አነሱ። ለሱብሂ ሲወጡ ውሾች ከበዋቸው ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። እማማም ለኪዳን ስትሄድ ዣንጥላዋን ዘርግታ እየተከላከለች ነው የምትወጣው። ግቢ ያለው ሰው ማታ በሩን ከፍቶ ውሻውን «ይዙር» ብሎ ይለቃል፤ በጨለማ ወደ ጸሎት የሚሄደው ሰው ይከፍላል። ይህ በእውነት ያናደደኝ ነገር ነው፤ የሚነክስ ውሻ ከሰማይ አይወርድም፣ በር የከፈተለት ሰው አለ።

ሰብሳቢያችን «ልጄ፣ አንቺ ራስሽ ተነክሰሽ የለም እንዴ? እንዴት ለውሻ ጠበቃ ትቆሚያለሽ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ስለተነከስኩ ነው» አልኳቸው፤ የድሬሰሩን ጥያቄና የጤና ጣቢያዋን ጥያቄ ነገርኳቸው። «ደንባችን ለውሻው ሞት ፈረደ፣ ለባለቤቱ ቅጣት ፈረደ። ታዲያ የትኛው ባለቤት ነው "የእኔ ውሻ ነክሷል" ብሎ የሚመጣ? ውሻውን ያሸሸው እኮ ደንባችን ነው።»

ከዚያ በኋላ ንግግሩ መልኩን ለወጠ። ጎረቤታችን መሪጌታ የኦሪት ዘጸአትን ሕግ አስታወሱ፤ ሰው የወጋ በሬ ባለቤቱ የሚጠየቀው በሬው ወጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ነው። «ዋናው ጥያቄ ተነግሮት ነበር ወይ ነው» አሉ። እኔ ደግሞ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 አንብቤ ነበር የመጣሁት። እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም እንኳ፣ ያደርሳል ተብሎ ያልተገመተ ጉዳት ቢሆንም እንኳ፣ ባለቤቱ ተጠያቂ ነው ይላል። «በሩ ሲከፈት ሾልኮ ነው» ማለት አያድንም ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያዝን፤ ካሳው በሕጉ፣ ቅጣቱ ግን በማስጠንቀቂያው ልክ።

አዲሱ ደንብ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ውሻ ያለው ሁሉ ያስመዘግባል፣ በየዓመቱ ያስከትባል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ውሻ ግቢ ውስጥ ይዘጋል፣ በየትኛውም ቤት ቀድሞ ሰው ያስደነገጠ ውሻ ካለ ኮሚቴው በጽሑፍ ያስጠነቅቃል የሚሉት ሌላም ቦታ ይኖራሉ። ሦስት ሰዓት የተከራከርንበት አንቀጽ ይኸኛው ነው፦ የነከሰ ውሻ አይገደልም፣ ከሰፈር አይወጣም፣ በባለቤቱ ግቢ ታስሮ 10 ቀን ይታያል። በራሱ ፈቃድ በዕለቱ ያሳወቀ ባለቤት የገንዘብ ቅጣት የለበትም፤ ውሻውን የሸሸገ፣ ያሸሸ ወይም የገደለ ግን ከነካሳው ይቀጣል። ውሻው ተይዞ የማይታሰር፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ከሆነ ሰው አይጠጋውም፤ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይጠራል፣ መወገድ ካለበትም በሐኪሙ እጅ፣ ጭንቅላቱ ሳይጎዳ።

የገንዘቡ ጉዳይ እንዳይረሳ አጥብቄ ያዝኩ። የሀብታም ውሻ ብቻ አይደለም የሚነክሰው። ጉልት የምትቸረችር ሴት የሌላ ሰው ክትባት ክፈይ ስትባል ውሻዋን ከመካድ ውጭ ምን አማራጭ አላት? ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ወጪ ከኮሚቴው ሣጥን በዚያው ሰዓት ይከፈላል፣ ባለቤቱ በየወሩ እየከፈለ ይመልሳል። «ሣጥኑ ይራቆታል» ያሉ ነበሩ። እስካሁን አልተራቆተም።

መስከረም ላይ ውሾቹን ቆጠርን፤ 41። ከነሱ 12ቱ የማንም ያልሆኑ፣ ሥጋ ቤቱ በር ላይ የሚውሉ። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም አንድ እሑድ መጣልን። ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶው ከተከተበ በሽታው በሰፈሩ ውስጥ እየተሻገረ መቀጠል እንደሚያቅተው አስረዳን። ባሌ ተራሮች ሠርቶ ያውቃል። እዚያ ከእረኞችና ከመንደር ውሾች እየተሻገረ ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ የፈጀው ይኸው በሽታ እንደሆነ፣ ከጥቂት መቶዎች የማይበልጡትን ቀበሮዎች ለመጠበቅ የውሾቹ ክትባት ዋናው ሥራ እንደሆነ ነገረን። የሰው ልጅና ቀይ ቀበሮ በአንድ መርፌ ሲጠበቁ ማሰብ ደስ አለኝ።

ባለቤት ያላቸው በገመድ መጡ፤ አፋቸው በጨርቅ ታሰረ፣ ተከተቡ፣ ካርድ ተጻፈላቸው። ያስቸገሩት 12ቱ ናቸው። ወጣቶቹ ሊያባርሩና ሊከቡ ሲሞክሩ ሁሉም ወደ ወንዙ ወረዱ። ዘበኛችን «ተዉ፣ ዞር በሉ» አሉና ከሥጋ ቤቱ የቆራረጡትን ሳምባ በፌስታል ይዘው ኮብልስቶኑ ላይ ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ ጆሮዋ የተቆረጠ አንዲት አሮጊት ውሻ በሆዷ እየተሳበች መጣች፣ ከእጃቸው ወሰደች፣ ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ አኖረች። ሐኪሙ ከጎን ቀስ ብሎ ወጋት፤ እሷ ማላመጧን አላቆመችም። ዘበኛው ከኪሳቸው ቢጫ ክር አውጥተው አንገቷ ላይ አሰሩላት፣ የተከተበች መሆኗ እንዲታወቅ። ሌሎቹ እሷን አይተው መጡ። በዚያ ቀን ዘጠኙ ተከተቡ።

ደንቡ ይሠራ እንደሆነ ያወቅነው ታኅሣሥ ላይ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በሬ ተንኳኳ። የታችኛው ሰፈር እትዬ ናት፣ ሽንኩርት ቸርቻሪዋ፤ ነጠላዋን እንኳ አልደረበችም። ከኋላዋ እዚያው አካባቢ ተከራይቶ የሚኖር የቀን ሠራተኛ ልጅ ክንዱን ይዞ ቆሟል፣ እጅጌው በሳሙና ውኃ ርሷል። «ቡቺዬ ነከሰብኝ» አለችኝ፣ «አጥቤዋለሁ፣ በሰዓት ነው ያጠብኩት፤ ቡቺንም አስሬዋለሁ።» ቡቺ መስከረም ላይ ከተከተቡት አንዱ ነው፤ ቢሆንም ልጁ በዚያው ሌሊት ከሣጥኑ ወጪ ተደርጎለት ሄዶ ክትባቱን ጀመረ።

ቡቺ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር 10 ቀን ታሰረ። አንድ ባለ መስመር ደብተር ግንቡ ላይ በሚስማር ሰቀልን። እትዬ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ልጁ ራሱ ማታ ከሥራ ሲመለስ እየመጣ፣ ቡቺን ራቅ ብሎ እያየ፣ ይጽፍ ነበር። «3ኛ ቀን። በላ። ጠጣ። ጮኸብኝ።» «6ኛ ቀን። በላ። ጅራቱን ቆላ።» እሷ ከጎኑ በጣቷ ትፈርማለች፤ ቀለሙን እኔ ነበርኩ የማመጣው። ልጁ ሦስተኛውን መርፌ በ7ኛው ቀን ወሰደ።

በአሥረኛው ቀን ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄደ። ባለሙያዋ ገጾቹን አንድ በአንድ አገላብጣ የቀሩት ሁለቱ እንደማያስፈልጉት ነገረችው። ማታ ተመልሶ ደብተሩን ሚስማሩ ላይ ሲሰቅል እትዬ ቡና አፍልታ ጠበቀችው። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «10ኛ ቀን። በላ። ጠጣ። ፈታነው።»